ከል የማውለቅ መብት፦ «ፋይናል ፋንታሲ 10-2»ን ስጫወት የታዘብሁት



«ጌም» ሲባል ለብዙዎቻችን ወደ አእምሮ የሚመጣው በየሰፈሩ ያለው ጌም ቤትና ተሸናፊው ሒሳብ የሚከፍልበት የኳስ ጨዋታ ነው። ስለዚህ የንግግሬን ርእስ ባሳወቅሁ ጊዜ ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ መድረክ ይመጥናል ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ዛሬ የምናገርለት ጨዋታ ታሪክ የሚተርክ፣ ተጫዋቹን ለብዙ አሥር ሰዓታት ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር የሚያስጉዝ ነው። የማነሣውም ጉዳይ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው፦ በሐዘን የተፈጸመ ታሪክ ተከታይ ክፍል ሲሠራለት፣ ተከታዩ ለዚያ ፍጻሜ ምን ዕዳ አለበት?

ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። «ፋይናል ፋንታሲ» ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው፣ «ሮል ፕሌይንግ» ከሚባለው ዘርፍ የሚመደብ ተከታታይ ጨዋታ ነው። «ተከታታይ» ቢባልም እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ዓለም፣ የራሱ ሰዎችና የራሱ ፍጻሜ ነበረው። አሥረኛው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ደግሞ ኩባንያው ከልማዱ ወጥቶ የዚያኑ ዓለምና የዚያችኑ ሴት ታሪክ በአዲስ ጨዋታ ቀጠለ። ስሙም «10-2» ተባለ። በዚህ ተከታታይ ውስጥ የአንድን ጨዋታ ታሪክ በቀጥታ የቀጠለ የመጀመሪያው ጨዋታ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ዓለም ስፒራ ይባላል። ሲን የሚሉት ግዙፍ አውሬ ከባሕር እየወጣ ከተሞችን ያፈርሳል። እርሱን ለጊዜው ማስታገሥ የሚችሉት «ጠሪዎች» የሚባሉ መናንያን ናቸው። ቤተ መቅደሱን ሁሉ ተሳልመው፣ በመጨረሻ ፍርስራሽ ወደ ሆነችው ከተማ ወደ ዛናርካንድ ይደርሳሉ። ጠሪው አውሬውን ሲያሸንፍ እርሱም ይሞታል፤ ሕዝቡ ጥቂት ዓመታት ዕረፍት ያገኛል፤ አውሬው ግን ተመልሶ ይመጣል። የ17 ዓመቷ ዩና የምትሄደው ወደዚህ ሞት ነው። አብረዋት የሚጓዙት ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ የማያውቀው ከሌላ ዓለም የመጣው ወጣት ቲዳ ብቻ ነው። በመጨረሻ ዩና ከሞት ትተርፋለች፤ አውሬው ለዘለዓለም ይጠፋል፤ የቮን የተባለው ሃይማኖት በውሸት ላይ ቆሞ እንደ ኖረ ይገለጣል። ዋጋውን የሚከፍለው ቲዳ ነው። እርሱ የሙታን ሕልም ነበርና ሕልሙ ሲያበቃ ይጠፋል። ዩና ልታቅፈው ትሮጣለች፤ እጇ አየር ይዘግናል። ከዚያም በሉካ ስታዲየም በሕዝብ ፊት ቆማ ያጣናቸውን እንዳንረሳ ትለምናለች።

ይህን ክፍል የጨረስሁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ጌም ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ደንበኛ የማይበዛበትን የጠዋቱን ሰዓት በቅናሽ ይሰጠኝ ነበር። ጨዋታው የሚቀመጥበትን ሚሞሪ ካርድ በኪሴ ይዤ እመላለሳለሁ፤ ኳስ ሊጫወቱ የመጡ ልጆች ከኋላዬ ቆመው «ይኼ ደግሞ የሚነበብ ጌም ነው» እያሉ ይስቁብኛል። በፍጻሜው ቀን ግን አልሳቁም፤ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ቆመው አይተውታል።

እንግዲህ ሁለተኛው ክፍል በእጄ ሲገባ ምን እንደ ጠበቅሁ ልትገምቱ ትችላላችሁ። የሐዘኑን ቀጣይ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ዘፈን ነው። ጨዋታው የሚከፈተው በዚያው በሉካ ስታዲየም ነው፤ ዩና ያን ንግግር ባደረገችበት ስፍራ፣ በብርሃንና በጭፈራ መካከል፣ አጭር ልብስ ለብሳ ትዘፍናለች። የመነኩሲት ያህል ከተሸፈነችበት ኪሞኖ መሰል ልብስ ምንም አልቀረም። ከዚያ በኋላም ሪኩና ፔይን ከተባሉ ሁለት ሴቶች ጋር በአየር መርከብ እየበረረች፣ በሁለት ሽጉጥ እየተኰሰች፣ ያለፈው ዘመን የተቀረጸባቸውን ሉሎች ስታድን ትታያለች። ሁለት ሰዓት ያህል ተጫውቼ ዘጋሁት። ለጓደኞቼም «ሙቱን ረሳችው፤ ነጋዴዎቹም ፍጻሜውን ሸጡት» አልሁ። ለብዙ ዓመታት የሙጥኝ ብዬ የያዝሁት ፍርድ ይህ ነበር።

ክቡራን፣ እዚህ ላይ የግል ነገር ማንሣቴን ይቅር በሉኝ፤ ያለ እርሱ ፍርዴ ከየት እንደ መጣ ልገልጽላችሁ አልችልም። በዚያው ዓመት አባቴ ዐርፎ ነበር። እናቴ ከል ለበሰች፤ ሙት ዓመቱ በወጣ ማግስትም አወለቀችው። ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ጠጕሯን ተሠርታ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ስትጠጣ ስቃ አገኘኋት። የአባቴ እኅት «ገና አፈሩ ሳይደርቅ!» አለች። እኔ ምንም አልተናገርሁም። ዝምታዬ ግን ከአክስቴ ቃል ጋር አንድ ነበር፤ እናቴም ይህን ታውቅ ነበር። በቤታችን የአባቴ ስም ሳይነሣ ብዙ ጊዜ አለፈ።

የሁለቱ ጨዋታዎች የታደሰ እትም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለተለያዩ መሣሪያዎች ወጣ። ከዓመታት በኋላ ሁለቱን ባንድነት አገኘሁና ሁለተኛውን እንደ ገና ጀመርሁት። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የራሴ አለማስተዋል ነው። በመክፈቻው ላይ የምትዘፍነው ሴት ዩና አይደለችም፤ መልኳን የሰረቀች ሌላ ሴት ናት። እውነተኛዋ ዩና የተሰረቀውን ልታስመልስ እዚያው ስታዲየም ተገኝታለች። ነገሩ እዚያው በመክፈቻው ይገለጣል፤ እኔ ግን በቁጣዬ ምክንያት ጨዋታው የነገረኝን አልሰማሁም። ሐዘንተኛዋ እየጨፈረች ነው ብሎ የሚፈርድ ተመልካች ብዙ ጊዜ የሚያየው ሴቲቱን ሳይሆን በእርሷ ላይ የለጠፈውን ምስል እንደ ሆነ የተማርሁት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ያስተዋልሁት ነገር የጭፈራው ነው። በመጀመሪያው ክፍልም ዩና ትጨፍራለች። ኪሊካ የተባለችው የወደብ መንደር በፈረሰች ማታ በውኃ ላይ ቆማ ትዞራለች፤ ጭፈራው የሙታንን ነፍስ ወደ ማረፊያቸው የሚሸኝ ሥርዓት ነው። በጃፓንኛ ስሙ «ወደ ሌላው ዓለም መሸኘት» ማለት ነው። ይህ ከጃፓን ምድር የበቀለ ነገር ነው። ጃፓኖች ለሞተ ሰው 49ኛውን ቀን ያስባሉ፤ በበጋ በኦቦን በዓል የቀደሙት ነፍሳት ወደ ቤት ተመልሰው ይመጣሉ ይባላል፤ በበዓሉ መጨረሻም በእሳት ይሸኟቸዋል። 40 ቀንና ሙት ዓመት ለምናከብር ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንም። የሁለቱም ሥርዓት ትርጉም ሐዘን ልክና ቀን አለው የሚል ነው፤ ሙቱ ይሸኛል፤ ሸኚው ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያቺ ሴት ስንቱን ሸኝታለች! የራሷን ሰው ግን መሸኘት አልቻለችም፤ ሬሳም መቃብርም የለውምና። ሁለተኛው ክፍል የሚጠይቀው፣ ሸኚዋ ራሷ ወደ ቤቷ የምትመለሰው እንዴት ነው ብሎ ነው።

ሦስተኛው ነገር ይህን ጥያቄ በጨዋታው አሠራር ውስጥ ማግኘቴ ነው። የጨዋታ ታሪክ ከልብ ወለድ የሚለየው በዚህ ይመስለኛል፤ ሐሳቡን በቃል ብቻ ሳይሆን በእጃችን እንድንሠራው ያደርጋል። በመጀመሪያው ክፍል መንገዱ አንድ ነው፤ ተጫዋቹ ከቤሳይድ ደሴት እስከ ዛናርካንድ ወደ ፊት ከመሄድ በቀር እምብዛም ምርጫ የለውም። በውጊያም ጊዜ ጨዋታው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የማን ተራ እንደ ሆነ በዝርዝር ያሳየዋል። ሞቷ ለተቆረጠላት ሴት የሚስማማ ሥርዓት ነው፤ ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። በሁለተኛው ክፍል ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ የዓለሙ ካርታ ተከፍቶ ይሰጣል። ወዴት እንደምትሄድ የሚነግርህ የለም። ውጊያውም አይጠብቅም፤ እያሰብህ ሳለ ሰዓቱ ይሄዳል። ዋናው ኃይልህ ደግሞ በውጊያው መካከል ልብስ መቀየር ነው፤ ተዋጊዋ ዘፋኝ፣ ዘፋኟ ሐኪም፣ ሐኪሟ ጥቁር አስማተኛ ትሆናለች። መጀመሪያ ያስቆጣኝ ይህ ልብስ መቀያየር ነበር። አሁን ሳስበው፣ በአንድ ልብስ ልትሞት ተወስኖባት የኖረች ሴት ከዚህ የተሻለ ምን ነጻነት ሊሰጣት ይችል ነበር?

አራተኛው የስም ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቹ የቲዳን ስም እንደ ፈለገ መቀየር ይችል ስለ ነበር፣ ድምፅ የሰጡት ተዋንያን ስሙን አይጠሩትም። ምክንያቱ የአሠራር ነው። በሁለተኛው ክፍል ግን ይህ የአሠራር ችግር የሐዘን ቋንቋ ሆነ። ዩና በሆዷ ስታወራው «አንተ» ትለዋለች፤ ጓደኞቿም «እርሱ» ይሉታል። ከዚህ በላይ የሚለው የለም። ስም የማይጠራበት ቤት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ሕዝቡስ? አውሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሮጌው ሃይማኖት ሲፈርስ በስፍራው ወገኖች በቅለዋል፤ ከፊሉ ያለፈውን ሥርዓት አድሶ ሊያቆየው ይፈልጋል፤ ወጣቶቹ የተደበቀው ታሪክ ሁሉ ዛሬውኑ ይውጣልን ይላሉ። ሁለቱም ዩናን ይፈልጓታል። አንድ ውድ የታሪክ ሉል በእጇ በገባ ጊዜ ለየትኛው ወገን እንደምትሰጥ መምረጥ የተጫዋቹ ዕጣ ይሆናል። እርሷ ግን የማንም ዓርማ መሆን አትፈልግም። አንዲት ሴት ሐዘኗ የሕዝብ ንብረት ሲሆን፣ አለባበሷም ሣቋም በጉባኤ ይወሰናል። በመጨረሻው ምዕራፍ ከወዳጆቿ አንዱ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ጠላትን ሊያጠፋ ሲነሣ፣ ዩና በቁጣ ትከለክለዋለች፤ ሰው እያጡ ማሸነፍን ከእንግዲህ አልቀበልም ትላለች። በመጀመሪያው ክፍል መሥዋዕትነትን እንደ ክብር ተሸክማ የሄደችው ያቺው ልጅ ናት። የሁለቱ ጨዋታዎች ልብ እዚህ ላይ ይገናኛል ብዬ አምናለሁ።

ከእርሷ ጋር የሚነጻጸረው ሹዪን ነው። ከ1000 ዓመት በፊት በጦርነት ዘመን ሌን የተባለች ዘፋኝ ፍቅረኛውን ሊያድን ሲሞክር ሁለቱም በወታደሮች ተገደሉ። ነፍሱ ሐዘኑን አልተወችም፤ ሺህ ዓመት ሙሉ በዚያች ቅጽበት ቆማ ቀረች፤ በመጨረሻም ቬግናጉን በተባለ የጦር መሣሪያ ዓለሙን በሙሉ ሊያጠፋ ይነሣል። ከል አላወልቅም ያለ ሰው በስተመጨረሻ ምድሩን ሁሉ ከል ሊያለብስ ይፈልጋል። የሚያስታግሠውም ጦር አይደለም። ዩና የምትለብሰው የዘፋኝ ልብስ የሌን ትዝታ ያለበት ነው፤ በዚያ ልብስ ሆና በፊቱ ትቆማለች፤ በእርሷም በኩል ሌን ተገልጣ ይዛው ትሄዳለች። እኔ የረከሰ ነው ብዬ የናቅሁት የዘፈን ልብስ፣ የሺህ ዓመት ልቅሶ ተሸክሞ የኖረ ልብስ ነበር።

እንዲህ ስል ጨዋታው እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ሁለት ነገር ልንቀፍ።

አንደኛ፣ የእነዚህ ሴቶች ነጻነት በልብስ ሲገለጥ፣ ልብሱን የሰፋው የገበያ ዓይን መሆኑ በብዙ ስፍራ ይታያል። በፍል ውኃ የሚታጠቡበትን ትዕይንት የመሰለው ሁሉ ለዩና ነጻነት ሳይሆን ለተመልካች ዓይን የተዘጋጀ ነው። ከከል የወጣች ሴት ወደ ሌላ ሰው ምኞት ልብስ ከገባች፣ ነጻነቷ ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ጨዋታው ተጫዋቹ ከታሪኩ ምን ያህሉን እንዳየ በመቶኛ ይቈጥራል። ቲዳ የሚመለስባቸው ፍጻሜዎች አሉ፤ የተወሰነ ነገር በተወሰነ ጊዜ ላደረገ ተጫዋች ይከፈታሉ፤ 100 በመቶ ለሞላ ደግሞ ተጨማሪ ትዕይንት ይሰጠዋል። አንድ ንግግር ከዘለልህ ቍጥሩ ይጐድላል። ማይቸን የሚባል አንድ ሽማግሌ ሊቅ አለ፤ ታሪክ ሲያወራ ማቆሚያ የለውም፤ ሳታቋርጥ ካልሰማኸው ቍጥሩ አይሞላም። እኛ መምህራን ይህን ሕግ ብንወደው አይፈረድብንም! ነገር ግን የሞተ ሰው መመለስ ለትጉህ ሰው የሚሰጥ ሽልማት ሲሆን፣ ሰው ያልተመለሰለት ሐዘንተኛ የሆነ ነገር አጕድሎ ነው ማለት ይሆናል። ብዙዎቻችን በሐዘን ጊዜ ይህን በራሳችን ላይ አድርገነዋል፤ «ያን ቀን ቀድሜ ብደርስ፣ ያን ሐኪም ብጠይቅ» እያልን የጐደለንን በመቶኛ ቈጥረናል። ጨዋታው ከዚህ ቍጥር ነጻ ሊያወጣን ሲችል ራሱ ቈጣሪ ሆነ።

ዛናርካንድን ጠቅሼ ወደ መጨረሻው ልሂድ። በመጀመሪያው ክፍል የጕዞው ፍጻሜ፣ እሳት አንድደው በዝምታ የተቀመጡባት ቅድስት ፍርስራሽ ናት። በሁለተኛው ክፍል ጐብኚዎች ይንጫጩባታል፤ አስጐብኚ ተቀጥሮላታል፤ በፍርስራሹ ላይ ዝንጀሮዎች ይዘላሉ። ዩና ታዝናለች። ከዚያ የሚሰጥህ ሥራ ዝንጀሮዎቹን ወንድ ከሴት እያገናኘህ እንዲራቡ ማድረግ ነው፤ በዝተው ጐብኚውን እንዲያባርሩ። በዚያ ስፍራ የመጀመሪያውን ክፍል የኖቡኦ ኡኤማትሱን የፒያኖ ዜማ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። የሁለተኛው ክፍል ሙዚቃ የኖሪኮ ማትሱኤዳና የታካሂቶ ኤጉቺ ነው። በመጀመሪያ ቅር አለኝ፤ በኋላ ግን ዝንጀሮ ሳጋባ ብቻዬን ስቄ ራሴን አገኘሁት። በዚያች ከተማ ያለቀስሁ ሰው ነበርሁ። ሣቁ ልቅሶውን አልሻረውም፤ ሁለቱም በአንድ ስፍራ ቆመው ነበር።

ጨዋታውን የጨረስሁት 100 በመቶ ሳልሞላ ነው። ቲዳ አልተመለሰልኝም። ዩና ከጓደኞቿ ጋር በአየር መርከቡ ወደ ቤት ተመለሰች፤ ማያው ጨለመ። እንደ ገና ጀምሬ የጐደለውን ልሙላ ወይ ብዬ አሰብሁና ተውሁት። ለእኔ እውነተኛው ፍጻሜ ይህ ሆነ፤ ሰውየው ሳይመለስ ሴቲቱ የምትኖርበት ፍጻሜ።

ስለዚህ በመግቢያዬ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ የሚከተለው ነው። ተከታይ ክፍል ለቀደመው ፍጻሜ ያለበት ዕዳ ሐዘኑን ጠብቆ ማቆየት አይደለም፤ የሐዘንተኛውን ቀሪ ሕይወት ከሐዘኑ እኩል ከባድ ነገር አድርጎ መቀበል ነው። «10-2» ይህን ዕዳ ከነጕድለቱ ከፍሏል። ለዓመታት ከዕዳዬ ያልወጣሁት እኔ ነበርሁ።

በዚያ ሰሞን ወደ እናቴ ቤት ሄጄ፣ ቡና እየጠጣን ሳለ የአባቴን ስም ጠርቼ «እርሱ ቢኖር ይህን ቡና ቀጠነ ይል ነበር» አልኋት። ጥቂት ዝም አለችና «ሁልጊዜ ነው የሚለው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነጠላዋ ነጭ ነበር።